ከብርሃን ፈጥኖ መጓዝ፦ የትራቨለር ዝላይ ከመነሻ እስከ መድረሻ

ትራቨለር የተባለውን፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ የሚሠራበትን የጠፈር ጨዋታ ለመጫወት ጠረጴዛ ከብባችሁ ተቀምጣችኋል። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሁለት ዳይስ፣ የቀዘቀዘ ሻይ። አንዱ ተጫዋች "በቃ፣ ወደ ቀጣዩ ኮከብ እንሂድ" ይላል። ጨዋታውን የሚመራው ዳኛ "እሺ፣ ደረሳችሁ" ብሎ ካለፈው የጨዋታው ግማሽ ጣዕም እዚያው ቀረ። ስንት ቀን ፈጀ? ምን ያህል ነዳጅ በላ? እናንተ መንገድ ላይ ሳላችሁ የሚያሳድዷችሁ ሰዎች ምን ሲያደርጉ ነበር? የምትደርሱበት ወደብ ስለ እናንተ ሰምቷል ወይስ አልሰማም?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ከብርሃን ፈጥኖ የመጓዝ ሕግ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሕግ የፍጥነት ጉዳይ ያደርገዋል። እኔ ግን የወሬ፣ የገንዘብና የማምለጥ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። መንኮራኩሯ እንዴት እንደምትሄድ ከወሰናችሁ፣ በዚያ ዓለም ማን ሀብታም እንደሚሆን፣ ጦር መቼ እንደሚደርስና ሽፍታ የት እንደሚደበቅ አብሮ ይወሰናል።

ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ግን 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢኬድ ደርሶ መልሱ ስምንት ዓመት ተኩል ነው። እንዲህ ሆኖ ጨዋታ አይኖርም። ስለዚህ የጨዋታ ደራሲ ፊዚክሱን አንድ ቦታ ላይ መዝለል አለበት። ጎበዝ ደራሲ ሲዘል ዋጋ ያስከፍላል።

ይህን በደንብ የሠራው ጨዋታ ለእኔ ትራቨለር ነው። ማርክ ሚለር ደራሲነት በ1977 አሜሪካ ውስጥ ወጣ፤ አሳታሚው ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሷል። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች በዋናነት የወሰድኩት ከ1981ዱ እትም ነው። አዳዲሶቹ አንዳንዱን ቢለውጡም አጥንቱ ያው ነው። በነገራችን ላይ ጨዋታውን የሚመራውን ሰው ትራቨለር ራሱ "ዳኛ" ነው የሚለው። እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

አንድን ጉዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ አብረን እንሥራው።

1. ካርታውን ዘርጉና ቁጠሩ

የትራቨለር ካርታ እንደ ማር እንጀራ የተያያዙ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሄክስ ይባላል። የአንድ ሄክስ ስፋት አንድ ፓርሴክ ነው፤ ይህም 3.26 የብርሃን ዓመት ማለት ነው። ለጀማሪ ቡድን የሚበቃው ካርታ 8 በ10፣ ማለትም 80 ሄክስ ነው። አንዱ ሄክስ ላይ ኮከብና ፕላኔት አለ፣ ሌላው ባዶ ነው።

ከብርሃን ፈጥኖ ከኮከብ ወደ ኮከብ መሻገር ዝላይ ይባላል። የመንኮራኩሯን የዝላይ ሞተር ቁጥር እዩ። ከ1 እስከ 6 ይደርሳል። ቁጥሩ በአንድ ዝላይ ስንት ሄክስ መሻገር እንደምትችሉ ይነግራችኋል። ባለ 1 ሞተር ያለው ሰው ወደ ጎረቤት ሄክስ ብቻ ነው የሚሄደው። በመካከል ባዶ ሄክስ ካለ ለእሱ ገደል ነው፤ ወይ ዞሮ ይሄዳል፣ ወይ ይቀራል። ባለ 2 ሞተር ያለው ገደሉን ይሻገረዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉና ካርታውን እዩት። ጎን ለጎን ባሉ ሄክሶች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ፕላኔቶች ታገኛላችሁ። የሲራራ መንገዱ እሱ ነው። ንግዱ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከሰንሰለቱ ወጣ ያለችው ፕላኔት ድሃ፣ የተረሳች ወይም የምትደብቀው ነገር ያላት ትሆናለች። ዳኛ ሆኜ ታሪክ ሲጠፋብኝ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

2. ነዳጅ

ቀመሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፓርሴክ የመንኮራኩሯን መጠን አንድ አሥረኛ ያህል ሃይድሮጅን ትፈጃላችሁ። 200 ቶን መንኮራኩር አንድ ፓርሴክ ለመዝለል 20 ቶን ትፈልጋለች። እዚህ ጨዋታ ላይ ቶን ክብደት አይደለም። አንድ ቶን ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚይዘው ቦታ ነው፣ 14 ሜትር ኩብ ገደማ።

እስቲ እስከ ጫፉ እንውሰደው። ስድስት ፓርሴክ ለመዝለል ከመንኮራኩሯ 60 በመቶው የነዳጅ ጋን መሆን አለበት። ሞተሩ፣ የሠራተኛው ክፍልና ጭነቱ በቀረው 40 በመቶ ይጣበባሉ። ስለዚህ ሩቅ የሚዘል ጭነት አይጭንም፣ ጭነት የሚጭን ሩቅ አይዘልም። የጨዋታው ኢኮኖሚ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች አንድ መስመር ላይ ነው።

ነዳጅ የሚገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ወደብ ነው። ወደቦች ከኤ እስከ ኢ ደረጃ አላቸው፤ ኤክስ የተባለው ምንም የሌለበት ነው። ኤ እና ቢ የተጣራ ነዳጅ በቶን 500 ክሬዲት (የጨዋታው ገንዘብ) ይሸጣሉ። ሲ እና ዲ ያላቸው ያልተጣራው ብቻ ነው፣ በቶን 100 ክሬዲት። ሁለተኛው ምንጭ እንደ ጁፒተር ያለ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው። ከባቢ አየሩን ቀዝፋችሁ ሃይድሮጅኑን በነጻ ትቀዳላችሁ።

ተጫዋቾች "በነጻ" የሚለውን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። ቆይ፣ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ሳታነቡ አትወስኑ።

3. ከፕላኔቷ ራቁ

ከማንኛውም ትልቅ አካል አጠገብ መዝለል አደገኛ ነው። ቢያንስ የፕላኔቷን ስፋት (ዲያሜትር) መቶ እጥፍ መራቅ አለባችሁ። መሬት 12,742 ኪሎ ሜትር ስፋት ስላላት ርቀቱ 1.27 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን የምትሄዱት በተራው ሞተር ነው። ግማሹን መንገድ እየፈጠናችሁ፣ ግማሹን እየቀነሳችሁ። ሰዓቱን ለማወቅ ርቀቱን በሜትር ውሰዱ፣ ለፍጥነት ጭማሪው አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በሁለት አባዙ። በሰከንድ ይመጣላችኋል። አንድ ጂ የመሬት ስበት የሚሰጠው የፍጥነት ጭማሪ ነው፤ ስለዚህ ባለ 1 ጂ ሞተር የፍጥነት ጭማሪው በየሰከንዱ 10 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው፣ ባለ 2 ጂ 20።

በ1 ጂ አስልቼዋለሁ። ከመሬት ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። የእኛን ጨረቃ ከምታክል ዓለም ሦስት ሰዓት ከሩብ። ጁፒተርን ከሚያክል ፕላኔት ግን 21 ሰዓት። ነጻው ነዳጅ እንግዲህ ነጻ አይደለም። ወደ ጋዙ ፕላኔት ለመውረድ አንድ ቀን የሚጠጋ፣ ለመውጣትም አንድ ቀን የሚጠጋ ትከፍላላችሁ። ያን ሁሉ ሰዓት ደግሞ ማን እንደሚጠብቃችሁ አታውቁም። ሽፍታ ብሆን እኔም የምጠብቀው እዚያ ነበር።

እያመለጣችሁ ከሆነ ፍጥነት መቀነስ አያስፈልጋችሁም። ከመሬት መቶ እጥፉ ላይ በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ትደርሳላችሁ። ችግሩ፣ ዝላዩ ፍጥነታችሁን አይወስደውም። ስትወጡም በዚያው ፍጥነት ትወጣላችሁ። በሌላኛው ጫፍ ያተረፋችሁትን ሰዓት ፍሬን በመያዝ ትመልሱታላችሁ።

ብዙ ዳኞች የመቶ እጥፉን ሕግ ለኮከብም ይሠሩበታል። እኔም ከእነሱ ነኝ። የፀሐይ መቶ እጥፍ 139 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ መሬት 150 ሚሊዮን ላይ ስላለች ለጥቂት ታመልጣለች። ትንንሾቹ ቀያይ ኮከቦች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሙቀት የምታገኘው ፕላኔት ኮከቧ ሥር ተለጥፋ ነው የምትኖረው። ፕሮክሲማ ቢ የተባለችው ፕላኔት ከኮከቧ 7.3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ናት፣ የኮከቧ መቶ እጥፍ ግን 21 ሚሊዮን ያልፋል። ከዚያች ፕላኔት ተነስቶ ለመዝለል በ1 ጂ 21 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንዲህ ያለች ዓለም ለጠባቂ ጦር ገነት ናት፤ ለኮንትሮባንድ ነጋዴ ሲኦል።

4. አስሉ፣ ከዚያ ዳይስ ጣሉ

አሁን ጋኑ ሞልቷል፣ ርቀታችሁን ጠብቃችኋል። አቅጣጫ የሚያሰላው ሰው መንገዱን ያወጣል፣ መካኒኩ ሞተሩን ያስነሳል። በአዳዲሶቹ እትሞች ሁለቱም ዳይስ ይጥላሉ። በ1981ዱ ዋናው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ዝላዩ ይስታል ወይስ አይስትም?

ሁለት ዳይስ ጣሉ። 13 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ስታችኋል። በሁለት ዳይስ 13 አይመጣም፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር በሥርዓቱ ካደረጋችሁ ደህና ናችሁ። ያልተጣራ ነዳጅ ከተጠቀማችሁ 1 ትደምራላችሁ። ሁለት ስድስት ቢወድቅባችሁ ጉድ ፈላ፤ ከ36 አንድ ዕድል ነው። ከመቶ እጥፉ ውስጥ ሆናችሁ ከዘለላችሁ 5 ትደምራላችሁ። 8 ሲመጣ መሳት ጀመረ ማለት ነው፤ ዕድሉ ከ36ቱ 15፣ ወደ 42 በመቶ። ከአሥር እጥፉ ውስጥ ከሆነ የሚደመረው 15 ነው። ያኔ ዳይሱን መጣልም አያስፈልግም።

የሳተ ዝላይ ወዴት ይወስዳል? አንድ ዳይስ ጣሉ። የመጣውን ቁጥር ያህል ዳይስ አንሱና እንደገና ጣሉ። ድምሩ የተወረወራችሁበት ሄክስ ብዛት ነው። ከ1 እስከ 36 ሊሆን ይችላል። አቅጣጫውን ሌላ ዳይስ ይወስናል።

አንድ ጊዜ እኛ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ሆነ። ቡድኑ የተሰረቀ መድኃኒት ጭኖ ከአንዲት ፕላኔት ይሸሻል። ከኋላ ባለ 3 ጂ መርከብ ይከተላል። እነሱ ያላቸው 1 ጂ ነው። 60 እጥፉ ላይ ሲደርሱ አሳዳጁ ለመተኮስ ሃያ ደቂቃ ቀረው። ካፒቴን ሆና የምትጫወተው ልጅ እርሳሷን አስቀመጠች። "42 በመቶ ነው አይደል?" አለች። አዎ አልኳት። "ቀሪው 58 የእኛ ነው። ዝለል።" ዳይሱ 9 መጣ፣ ሲደመር 14። ሳቱ። የዳይሱ ብዛት 5 ወጣ፣ ድምሩ 17። ካርታዬ 8 በ10 ብቻ ነበር። 17 ሄክስ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ነው። ማንም አልሳቀም። ለሦስት ወር የተጫወትነው ጨዋታ የተወለደው ከዚያች ውርወራ ነው። የሕጉ ውበት እዚህ ላይ ይታየኛል። ያን ውሳኔ ማንም አላስገደዳትም። ዋጋውን አውቃ ከፈለችው።

5. አንድ ሳምንት

ዝላይ አንድ ሳምንት ይፈጃል። አንድ ፓርሴክም ሆነ ስድስት፣ ያው አንድ ሳምንት። በሞንጉስ አሳታሚ እትም 148 ሰዓት ላይ ስድስት ዳይስ ትደምራላችሁ፣ ከ154 እስከ 184 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መውጣት የለም፣ መልእክት መላክ የለም፣ መቀበልም የለም። ከውጭው ዓለም ጋር ፈጽሞ ተቆራርጣችኋል።

ይህን ሳምንት ዘላችሁት አትለፉ። የቆሰለ ይታከማል። የተበላሸ ይጠገናል። ተሳፋሪዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ሰባት ቀን ተዘግቶባቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን የሚሸሽበት የለም፣ የሚጠሩትም ፖሊስ የለም።

የ30 ሰዓቱ ልዩነትም ቀላል አይደለም። ሁለት መንኮራኩሮች በአንድ ደቂቃ ቢዘሉ በአንድ ደቂቃ አይደርሱም። ወራሪ ጦር ተበታትኖ፣ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ይደርሳል። ተከላካዩ ያንን ያውቃል።

6. ስትደርሱ ማን ያውቃችኋል?

በትራቨለር ከመንኮራኩር የሚፈጥን መልእክት የለም። ሬዲዮ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ ለጎረቤት ኮከብ ዓመታት ይወስዳል። ወሬ የሚሄደው በሰው እጅ ነው። የጨዋታው ትልቁ መንግሥት ሦስተኛው ኢምፓየር ኤክስ ቦት የሚባሉ የፖስታ መንኮራኩሮች አሉት። 100 ቶን ናቸው፣ በአንድ ጊዜ አራት ፓርሴክ ይዘላሉ፣ ተራ ሞተር እንኳ የላቸውም። ሲደርሱ ሌላ መርከብ ያነሳቸዋል፣ ፖስታው ወዲያው ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ስለዚህ 20 ፓርሴክ ርቆ ላለ አገረ ገዥ ደብዳቤ ለማድረስ ቢፈጥን አምስት ሳምንት ነው። መልሱም አምስት። አገረ ገዥው ሳይጠይቅ መወሰን አለበት፤ ንጉሠ ነገሥት ያለው ለዚህ ነው፣ መሳፍንት ያሉትም ለዚህ ነው።

ለተጫዋቾቻችሁ ጉዳዩ ቀረብ ያለ ነው። ወንጀል ሠርተው ሲዘሉ ዳኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ ከእነሱ በፊት ወይም እኩል የተነሳ፣ ወደዚያው የሚሄድ መንኮራኩር ነበር? ከሌለ ወደቡ ላይ በክብር ይቀበሏቸዋል። ካለ ፎቷቸው ቀድሟቸዋል። ይህን ለመከታተል ደብተር ላይ የቀን መቁጠሪያ ይኑራችሁ። እያንዳንዱን ዝላይ ከነቀኑ ጻፉ። ሳይጻፍ በቃል ተይዞ የዘለቀ የትራቨለር ጨዋታ አይቼ አላውቅም።

7. ሒሳቡን ዝጉ

የታወቀችው የነጻ ነጋዴ መንኮራኩር 200 ቶን ናት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፓርሴክ ትዘላለች፣ 82 ቶን ጭነት ትይዛለች። ዋጋዋ 37 ሚሊዮን ክሬዲት ገደማ ነው። ማንም እጅ በእጅ አይከፍልም፣ በባንክ ብድር ነው። በየወሩ የዋጋው 1/240፣ ለ40 ዓመት። ይህ 154 ሺህ ገደማ ይመጣል።

አንድ ሳምንት ዝላይ፣ አንድ ሳምንት ወደብ፤ በወር ሁለት ጉዞ። ጭነት በቶን 1,000 ነው። ሙሉ ከሞላ በሁለት ጉዞ 164 ሺህ። ስድስት የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ሲከፍሉ በሁለት ጉዞ 120 ሺህ። ገቢው 284 ሺህ ሆነ። ወጪ፦ ብድሩ 154፣ ነዳጅ 25፣ የአየርና የምግብ 40፣ የአራት ሠራተኛ ደሞዝ 15፤ በድምሩ 234 ሺህ። 50 ሺህ ተረፈ። ደስ ይላል።

አሁን ጭነቱን ግማሽ አድርጉት። 82 ሺህ ጎደለ። በወሩ 32 ሺህ ኪሳራ ውስጥ ናችሁ። ሸበቶው ሰውዬ ወደቡ ጥግ ላይ ጠርቶ "ሳይከፈት የሚደርስ ሳጥን ነው፣ ጥሩ እከፍላለሁ" የሚለው በዚህ ወር ነው። ተጫዋቾቹ እሺ ይላሉ። ዳኛው መገፋፋት የለበትም፣ የነዳጁና የብድሩ ቀመር ገፍቷቸዋል።

ሌሎች ጨዋታዎች ምን አሉ?

ትራቨለር ብቸኛው መንገድ አይደለም። በ1986 የወጣው ትራቨለር 2300 ሞተሩ 7.7 የብርሃን ዓመት ከሄደ በኋላ በኮከብ ወይም በፕላኔት ስበት ውስጥ ማረፍ አለበት ይላል። ካርታው እውነተኛዎቹን የአካባቢያችንን ኮከቦች ስለሚጠቀም፣ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ በትክክለኛው ቦታ ላይ በመገኘቷ ብቻ የአንድ አገር ድልድይ ትሆናለች። ፈረንሳይ፣ አሜሪካና ቻይና የየራሳቸው የኮከብ መስመር አላቸው። በጣም የምወደው ሕግ ነው።

ስታርስ ዊዝአውት ነምበር የመንገዱን መረጃ ዕቃ ያደርገዋል። አንድ ሄክስ ስድስት ቀን ለሞተሩ ቁጥር ተካፍሎ ይፈጃል። የመንገዱ ማስታወሻ ትኩስ ከሆነ ጉዞው ይቀላል፣ ካረጀ ይከብዳል። ስለዚህ ትኩስ ማስታወሻ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ሰው ይሞትበታል። በ2017 የወጣው ስታርፋይንደር ደግሞ ርቀትን ጨርሶ ትቶታል። በደንብ ወደታወቀ አካባቢ የ3 ዳይስ ድምር ያህል ቀን፣ ወዳልታወቀው የ5 ዳይስ። ጥድፊያ ለሚወድ ቡድን ይመቻል፤ ነጋዴ መሆን ለሚፈልግ ግን ይሳሳል።

የራሳችሁን ሕግ መሥራት ከፈለጋችሁ አራት ነገር ወስኑ። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ምን ያስወጣል? ከየት መነሳት ይቻላል? መልእክት ከሰው ይቀድማል ወይ? የመጨረሻውን አትርሱት። መልእክት በቅጽበት ይድረስ ካላችሁ ሽፍታ፣ አጭበርባሪና ነጋዴ ሁሉ ሥራ ያጣሉ፤ አንድ ጥሪ ሁሉንም ያስይዛቸዋል። አንዴ የጻፋችሁትን ደግሞ ለአንድ ትዕይንት ብላችሁ አትጣሱ። ተጫዋቾች ዋጋውን የሚያምኑት ዳኛውም ሲከፍለው ካዩ ነው።

ለመጀመሪያ ምሽት የምመክረው ይህን ነው። ሦስት ፕላኔት ብቻ ሣሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛዋ ከባዶ ሄክስ ማዶ። መካከለኛዋ ላይ ያልተጣራ ነዳጅ ብቻ ይኑር፣ ከአጠገቧ ደግሞ አንድ የጋዝ ፕላኔት። ቡድኑ ባለ 2 ሞተር ይያዝ፣ ጋኑ ግን ለአንድ ፓርሴክ የሚሆን ብቻ ይቅረው። ከዚያ ከመጡበት ፕላኔት አንድ መንኮራኩር እንደደረሰ ንገሯቸው፣ የማን እንደሆነች ግን አትንገሯቸው።